ከቀላድ ገመድ እስከ ይዞታ ደብተር፤ የጌዴኦ ገበሬ ስም በመሬት መዝገብ ላይ

ዩኒየናችን በ1994 ዓ.ም. ሲመሠረት መሠረታዊ ማኅበራቱ የአባሎቻቸውን ዝርዝር ይዘው ቀርበዋል። በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቡና በራሱ ስም ለራሱ ማኅበር የሚያስረክብ ሰው ነበር። ዛሬ ይህን እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። የእነዚሁ አባላት አያቶች ግን በዚሁ ቁልቁለት ላይ፣ በዚሁ እንሰትና ቡና መካከል ተወልደው እየኖሩ በመንግሥት የመሬት መዝገብ ላይ ስም አልነበራቸውም። መዝገቡ የሚያውቃቸው ገባር ወይም ጭሰኛ በሚል የወል መጠሪያ ብቻ ነበር።

በምሥረታ በዓል ዕትም ላይ ስለ ቡናችን ጣዕም፣ ስለ ጥራትና ስለ ውጭ ገበያ ብዙ እንደሚጻፍ የታወቀ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ መዝገብ ነው። ውድ አንባቢያን ርዕሱ ደረቅ መስሎ እንዳይታያችሁ አደራ እላለሁ። በእኛ አካባቢ ደም የፈሰሰው፣ ችሎት የተጣበበው፣ አብዮቱም ሲመጣ ሰው እልል ያለው በዚሁ በመዝገብ ጉዳይ ነው።

ገመዱ ሲመጣ

የምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ወደ ጌዴኦ ከመድረሱ በፊት መሬት የሚታወቀው በዘርና በጎሳ፣ በአባቶች በተተከለ ዛፍና በሶንጎ በተሰጠ ዳኝነት ነበር። የድንበር ክርክር ሲነሳ ሽማግሌ በሶንጎው ተቀምጦ ያያል፤ የእገሌ አባት የተከለው እንሰት እስከዚህ ነው ተብሎ ይፈረዳል። ጽሑፍ አልነበረም፤ ምስክር ግን ሞልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት ሰውን እንጂ መሬትን አስቀድሞ አልቆጠረም። ለጦር አለቃውና ለወታደሩ በደመወዝ ፋንታ እንደ ማዕረጉ የተወሰነ ቁጥር ያለው ገባር ይመደብለት ነበር። ገባሩ ማር፣ እህል፣ በኋላም ቡና ይሰጣል፤ አጥር ያጥራል፣ እህል ይፈጫል፣ ጭነት ይሸከማል። ወታደሩ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር ገባሩ ለተተኪው ይተላለፋል። ሲዳሞን ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩት የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ዘመን በአረጋውያን አንደበት ሲወሳ የኖረው ከዚህ ሥርዓት ጋር ተያይዞ ነው።

ቀጥሎ መሬቱ ራሱ ተለካ። ቀላድ ማለት መለኪያው ገመድ ነው፤ መሬቱም በስሙ የቀላድ መሬት ተባለ። መለኪያው ጋሻ ሲሆን አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። ይገመታል ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ለምነቱ ያነሰ መሬት ሲሆን ጋሻው እንዲሰፋ ይደረግ ነበርና። ደግሞም ገመድ እንደያዢው እጅ ይረዝማል፣ ያጥራል። ከተለካው ውስጥ ሲሶው ለአካባቢው ባላባት እንዲቀር የሚል ደንብ ነበር። የቀረው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለባለውለታ ወታደሮችና ሹማምንት ተደለደለ።

እዚህ ላይ የጌዴኦን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። በአንድ ጋሻ ሜዳ ላይ ጥቂት ቤቶች ብቻ የሚገኙበት አገር ሊኖር ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን እንሰት ከጥቂት መሬት ብዙ አፍ የሚመግብ ተክል በመሆኑ በአንድ ጋሻ ውስጥ የሚኖረው ቤተሰብ ብዙ ነው። ቀላድ ጣዩ ሲመጣ በመዝገቡ ላይ ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ መስመር፣ በመስመሩም ላይ አንድ ስም ጻፈ። ሌሎቹ በመሬቱ ላይ ያሉ ሰዎች ሆነው ቀሩ። ልክ እንደ ዛፉና እንደ ምንጩ ማለት ነው።

የአውራጃው ስም እንኳ ቢሆን ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት አልነበረም። እስከ አብዮቱ ድረስ በመንግሥት ወረቀት ላይ የሚነበበው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ የሚል ነው። ጌዴኦ የሚለው ስም በመንግሥት መዝገብ ላይ የተጻፈው ከ1966ቱ ለውጥ ወዲህ ነው።

ደረሰኙ በማን ስም?

ጣሊያን በያዘን አምስት ዓመታት የገባር ሥርዓት ተቋርጦ ነበር። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡ የመሬት ግብር አዋጆች መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብለው በሦስት ደረጃ ከፍለው ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈል አደረጉ። በሕግ ፊት ገባር የሚያደርሰው የጉልበት አገልግሎት ቀረ። ይህ ቀላል ለውጥ እንዳልነበረ መመስከር ተገቢ ነው። አጥር ማጠርና ጭነት መሸከም በሕግ መከልከሉ ለዚያ ትውልድ እፎይታ ነበር።

ነገር ግን አዋጁ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አለፈ። ግብሩን የሚከፍለው ባለመሬቱ ነው ይላል፤ ባለመሬቱ ማን ነው? መልሱ ያው በቀላዱ መዝገብ ላይ የተጻፈው ስም ሆነ። ስለዚህ ትናንት ገባር የነበረው የብዙ ቤት ሰው፣ የአባቱን እንሰት ሳይለቅ፣ አንድ ቀን ሳይንቀሳቀስ፣ ጭሰኛ ተባለ። ጭሰኛ ማለት የሌላ ሰው መሬት ላይ ጭስ የሚያጨስ፣ እሳት አንድዶ የሚኖር ማለት ነው። የራሱን መሬት በእንግድነት እንዲኖርበት ተደረገ።

በዚያ ዘመን የባለቤትነት ዋነኛው ማስረጃ የግብር ደረሰኝ ነበር። ጭሰኛው ግብሩንም አሥራቱንም በተዘዋዋሪ ከጉልበቱ አውጥቶ ሲከፍል ደረሰኙ የሚቆረጠው በባለመሬቱ ስም ነው። ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ ይመስል ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 ያስቀመጠውን ስናይ ግን ክብደቱ ይገለጥልናል። በዚህ ድንጋጌ መሠረት አንድን የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ግብሩን በተከታታይ 15 ዓመት የከፈለ ሰው የንብረቱ ባለቤት ይሆናል። በአካል የያዘው ጭሰኛው ነው። በጉልበቱ የከፈለውም እርሱ ነው። ደረሰኙ ላይ ግን ስሙ የለም። ሕጉ ለያዘ ሰው የከፈተውን በር ደረሰኙ መልሶ ዘጋው።

ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሰፊ ምዕራፍ አለው። እያንዳንዱ መሬት በዝርዝር የሚጻፍበት፣ ማንም ሰው ሊያየው የሚችል መዝገብ እንዲቋቋም ያዛል። ይሁን እንጂ በሕጉ መጨረሻ ላይ፣ ቁጥር 3363 ላይ፣ ያ ምዕራፍ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ በሥራ ላይ እንደማይውል ተጽፏል። ትእዛዙም ሳይወጣ ዘመኑ አለፈ። የሕግ ባለሙያዎች ይህን ቁጥር እንደ ዋዛ ይጠቅሱታል። በእኔ አስተያየት ግን ለገበሬው ከሌላው ድንጋጌ ሁሉ ይልቅ የጎዳው ይህ የዘገየ ምዕራፍ ነው።

ሚችሌ

የዓለም የቡና ዋጋ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከፍ ሲል በጌዴኦ የመሬት ጥያቄ መልኩን ለወጠ። ከዚያ በፊት እንሰት የሞላበት የጭሰኛ ጓሮ ለባለመሬቱ የሚያስጎመጅ አልነበረም፤ እንሰት ሸክሙ ብዙ፣ ገበያውም ጠባብ ነው። ቡና ግን ገንዘብ ነው። ባለመሬቶች ቀድሞ ከሚቀበሉት ድርሻ በላይ ከቡናው ምርት መጠየቅ ጀመሩ። እርቦ የሚባለው፣ ከአራት አንዱ፣ አልበቃ አለ፤ ወደ እኩል የሚወጣ ጥያቄ መጣ። ቡናውን ተክሎ፣ ዛፉን አስጠልሎ፣ ለቅሞ ያደረሰው ገበሬ የመሬቱ ግብር በማን ስም እንደተከፈለ እየተጠየቀ በየችሎቱ ተረታ።

በ1952 ዓ.ም. ገበሬው እምቢ አለ። ሚችሌ ላይ ጦርና ገጀራ የያዙ ገበሬዎች ጠመንጃ ካነገቡ ባለመሬቶችና ከመንግሥት ኃይል ጋር ተጋጠሙ። ብዙ ሰው አለቀ፤ አመፁም ታፈነ። በኢትዮጵያ የገበሬ አመፅ ታሪክ ውስጥ የባሌና የጎጃም አመፆች በሰፊው ይነገራሉ። የሚችሌው ጦርነት ግን ከጌዴኦ ውጪ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ የዘመን መቁጠሪያ ነው፤ እገሌ ከሚችሌ በፊት ተወለደ፣ ከሚችሌ በኋላ አገባ ይባላል።

ልብ በሉ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የታወጀው በዚያው በ1952 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ላይ ስለ መሬት መዝገብ ምዕራፍ ተጽፎ ሲቀመጥ፣ ሚችሌ ላይ ገበሬ በዚያ መዝገብ እጦት ይሞት ነበር። አንዱ ስለሌላው ያውቅ አልነበረም ብል አልተሳሳትኩም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት 14 ዓመታት የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ፓርላማው የባለመሬቶች ነበርና የሚጠበቅ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ ወጡ።

የካቲት 25 ቀን 1967

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይፋ በሆነበት ዕለት የጌዴኦ ገበሬ ምን እንደተሰማው ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እኔ እዚህ የምጽፈው አዋጁ ለመዝገቡ ያደረገውን ነው።

አዋጁ በቀድሞው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሰርዝ፣ አንድ ቃል ለውጥ አላለም። መዝገቡ የቆመበትን መሠረት ናደው። የገጠር መሬት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ። መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ በወለድ አግድ መስጠት ተከለከለ። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ተሻረ፤ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ካለበት የኪራይ ግዴታና ዕዳ ነጻ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። በ800 ሄክታር ወይም በ20 ጋሻ መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም፣ የመሬት ክርክርም በማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ እንዲታይ ተደነገገ።

የ10 ሄክታሩ ጣሪያ በእኛ አካባቢ ሳቅ የሚያጭር ነበር። የጌዴኦ ገበሬ ይዞታ በአመዛኙ አንድ ሄክታር እንኳ የማይሞላ ነው። በዚህ ምክንያት በሌላ ስፍራ መሬት ሲሸነሸን እኛ ዘንድ በብዛት የሆነው ሌላ ነው፤ ሰው በቆመበት ባለይዞታ ሆነ። በአካል የተነቃነቀ ድንበር ጥቂት ሆኖ በሕግ ግን ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የመጡት ተማሪዎች የገበሬ ማኅበራቱን ሲያደራጁ፣ የአባላት ስም በደብተር ላይ ሲጻፍ፣ ብዙ ሰው ስሙን በመሬት ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ አየ። ማንበብ የማይችለው ደግሞ ተነበበለት።

የደርግ ዘመን ከዚህ በኋላ ለቡና ገበሬው ያመጣውን ኮታ፣ ግዴታ ሽያጭና ያለፈቃድ መደራጀት አንባቢዬ ያውቀዋልና አልዘረዝረውም። ለአዋጅ 31 ግን ውለታውን መካድ አይገባም።

ባሕር ማዶ ያለው መዝገብ

አባሎቻችን ስለ ስምና ስለ መዝገብ የሚደረግ ክርክር ባሕር ተሻግሮ እንደሚሄድ ያውቃሉ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መዝገብ እንዲገቡ ጠይቆ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ መደረሱ ይታወሳል። ቡናችን የሚጠጣበት ይኸው አገር ግን በራሱ የመሬትና የቤት መዝገብ ላይ የከፋ ጣጣ ተሸክሞ የኖረ ነው። ጣጣው ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል።

በአሜሪካ ከተሞች በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ቦታ ሲሸጥ በሽያጭ ሰነዱ ላይ አንድ ግዴታ ይጻፍ ነበር። ይህ ቦታ ለጥቁር፣ አንዳንዴም ለአይሁዳዊ ወይም ለእስያ ተወላጅ እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ የሚል ነው። ግዴታው ከሰው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፤ ቦታው አሥር ጊዜ ቢሸጥ አሥሩንም ገዥ ያስራል። በቅዱስ ሉዊስ ከተማ የሼሊ ቤተሰብ የሚባሉ ጥቁሮች ቤት ገዝተው በዚህ ግዴታ ሊባረሩ ሲሉ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1948 እንዲህ ያለውን ግዴታ የመንግሥት ችሎት ሊያስፈጽመው አይችልም ሲል ወሰነ። በ1968 ደግሞ በመኖሪያ ቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ወጣ።

የሚያስገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሕጉ ግዴታውን ቢገድለውም ጽሑፉ በመዝገቡ ላይ ቀረ። አንድ ጥቁር ቤተሰብ በቅርብ ዓመታት ቤት ሲገዛ በሚሰጠው ሰነድ ላይ ለእንደ አንተ ያለ ሰው አይሸጥም የሚል መስመር ሊያነብ ይችላል። በሚኒያፖሊስ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቆዩ ሰነዶችን አንድ በአንድ ሲመረምሩ እንዲህ ያሉ ሺህዎች ግዴታዎችን አገኙ። የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ባለቤቱ ግዴታውን እንደማይቀበል በመዝገቡ ላይ እንዲያስመዘግብ የሚያስችል ሕግ አወጣ። ካሊፎርኒያ በ2021 መዝጋቢ ቢሮዎች ራሳቸው ፈልገው ቃሉን እንዲሸፍኑ አዘዘች።

በዚያ አገር አንድ ክርክር ተነሳ። ከፊሉ ቃሉ ይጥፋ፣ ልጆቻችን አያንብቡት ይላል። ከፊሉ ደግሞ ከጠፋ አድልዎው እንዳልነበረ ይካዳል፤ ጥቁሩ ለምን ሀብት እንዳላካበተ የሚያስረዳው ያ ወረቀት ነው ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። አሁን በሥራ ላይ ካለው ሰነድ ይውጣ፤ በቤተ መዛግብት ግን ይኑር።

የእነርሱ ችግር መዝገቡ ላይ የተጻፈ መጥፎ ቃል ነው። የእኛ ችግር ደግሞ መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ስም ነበር። ለጌዴኦ ገበሬ አይሰጥም የሚል መስመር በቀላዱ መዝገብ ላይ ቢፈለግ አይገኝም፤ አስፈላጊም አልነበረም። የተጻፈ ቃል ይሰረዛል፣ ይሸፈናል። ያልተጻፈ ስም ግን ይጻፍ ዘንድ አንድ ሰው ተነስቶ መጠየቅ አለበት።

ለወረዳና ለቀበሌ የመሬት አስተዳደር ሠራተኞች በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። በየግምጃ ቤቱ ጥግ ያረጀ የግብር መዝገብ፣ የገበሬ ማኅበር የአባላት ደብተር፣ የፍርድ ሸንጎ ፋይል ይገኝ ይሆናል። ቦታ አጣበበ ተብሎ እንዳይቃጠል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዛፉን ማን እንደተከለው፣ ፍሬውን ማን እንደወሰደው የሚናገሩት እነዚያ ወረቀቶች ናቸው።

የሚስት ስም

አዋጅ 31/1967 መሬት የሚሰጠው በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት ነው ይል ነበር። ቃሉ በግልጽ ተጽፏል። ሥራ ላይ ሲውል ግን የገበሬ ማኅበሩ ደብተር አንድ ቤት አንድ ስም ብሎ ተጻፈ፤ ያም ስም በአብዛኛው የአባወራው ነው። ቀላዱ ብዙ ቤተሰብን በአንድ ባለመሬት ስም እንደሸፈነ ሁሉ፣ የገበሬ ማኅበሩ ደብተርም ሚስትን በባል ስም ሸፈናት። ባል የሞተባት ሴት የባል ወንድሞች መሬቱ የዘር ነው ብለው ሲመጡባት የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም።

በጌዴኦ ቤት እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቡናውን የምትለቅመው፣ አልጋ ላይ አስጥታ የምታገላብጠው ማን እንደሆነች ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ የባል ስም ብቻ ያለበት ደብተር እውነቱን ግማሽ ብቻ የጻፈ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሚታዩ ደነገገ። በአንቀጽ 40 ደግሞ አርሶ አደር መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። እነዚህ ቃላት ወደ ገበሬው ደጃፍ የወረዱት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትግራይ ቀደመች፤ በዚያ ግን በመጀመሪያው ዙር የተጻፈው የቤቱ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር። ቀጥሎ አማራ ክልል የባልና ሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 መሬቱ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ ደብተሩ በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። የደቡብ ክልልም የራሱን የመሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 110 በ1999 ዓ.ም. አወጣ። ዛሬ ጌዴኦ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃም አዋጅ 456 በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል።

አንዲት ሴት ስሟ በደብተር ላይ ከተጻፈ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ለማየት የአንድ ቀን የቀበሌ ችሎት ይበቃል። ባል ማሳውን ሊያከራይ ሲል የእርሷ ፊርማ ይጠየቃል። ሲፋቱ ክፍፍሉ የሚጀምረው ደብተሩ ላይ ካሉት ሁለት ስሞች ነው። ሲሞት ደግሞ የባል ወንድሞች የዘር ነው ቢሉ ወረቀቱ ይመልስላታል።

ያልተፈታም አለ። ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት የትኛዋ በየትኛው ማሳ ላይ ትመዝገብ የሚለው ጉዳይ ዛሬም ሽማግሌና ባለሙያ ያከራክራል። በሌላ በኩል ሴት ልጅ ትዳር ይዛ ትሄዳለች በሚል ከአባቷ ይዞታ ውርስ ላይ ስሟ ሳይነሳ ይቀራል። ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ልማዱ ግን ከሕጉ በፊት ቀበሌ ይደርሳል።

የይዞታ መረጃ በአየር ፎቶግራፍ ተደግፎ በድጋሚ ሲመዘገብ ረቂቁ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ስሙ የተሳሳተበት ወይም የተተወበት ሰው መጥቶ እንዲያመለክት የተወሰነ ቀን ይሰጣል። ይህ ጊዜ እንደ ዋዛ መታለፍ የለበትም። ባል ብቻውን ሄዶ አይቶ ደህና ነው ብሎ መመለሱ አይበቃም፤ ሚስትም ሄዳ ስሟን ትይ፣ ማንበብ ካልቻለች ልጇ ያንብብላት። በቀላዱ ዘመን ይህን የመሰለ ግድግዳ አልነበረም፤ ማንም መዝገቡን አላየውም።

የማኅበራችን መዝገብስ?

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ መንግሥት መዝገብ ብቻ ለመናገር አይደለም። በየመሠረታዊ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የአባላት መዝገብና የቡና ርክክብ ደብተር አለ። እሸት ቡና ተሸክማ ወደ ጣቢያ የምትመጣው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፤ ሚዛኑ ላይ የምትቆመውም እርሷ ናት። ደረሰኙ ግን የሚቆረጠው በአባልነት በተመዘገበው ሰው ስም ነው። አባሉ ባል ከሆነ የዓመቱ ርክክብ ሁሉ በእርሱ ስም ይደመራል።

ዩኒየናችን የተመሠረተበት የህብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ተቀንሶ ቀሪው ለአባላት እንዲከፋፈል አድርጎ ነበር። ክፍፍሉን የሚወስነው እንግዲህ በደብተሩ ላይ ያለው ስም ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጠውም፣ ለሥራ አመራር ኮሚቴ የሚመረጠውም ያው ስም ነው። አባልነት ለአባወራ ብቻ ነው የሚል ቃል በዚያ አዋጅ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የህብረት ሥራ መርሕም የመጀመሪያ ነጥቡ አባልነት ያለ ጾታ ልዩነት ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። ሚስት የራሷን ዕጣ ገዝታ፣ የመመዝገቢያውን ከፍላ በራሷ ስም አባል ብትሆን የሚከለክላት ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

አንዳንድ የኮሚቴ አባላት ከአንድ ቤት ሁለት አባል ከተመዘገበ የርክክቡ ሂሳብ ይምታታል ይላሉ። የሂሳብ ሠራተኛው ሥራ እንደሚበዛበት እኔም አልክድም። ቀላድ ጣዩም በአንድ ጋሻ ላይ ስንት ቤት እንዳለ ቆጥሮ ከመጻፍ አንድ ስም መጻፍ ቀሎት ነበር።

የመጪው ምርት ዘመን ርክክብ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የአባላት መዝገቡን ከቀበሌው የይዞታ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያይ የሚወስደው ጥቂት ቀን ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይ ሁለት ስም፣ በማኅበሩ መዝገብ ላይ አንድ ስም ያለበትን ቤት ማውጣት አያዳግትም። ከዚያ ጥያቄውን ለጠቅላላ ጉባኤ ማቅረብ የሥራ አመራር ኮሚቴው ነው፤ በጉባኤው ላይ እጅ ማውጣት ደግሞ የአባላቱ።